ማመስገን የተቀባዩ ዕዳ ነው፦ በሐዋሳ ለበጎ አድራጊዎች የተደረገውን ክብር ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በከተማችን በሐዋሳ ለበጎ አድራጊዎችና ለበጎ ፈቃደኞች የተሰናዳውን የምስጋና መርሐ ግብር የሚነቅፍ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን በፌስቡክና በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል፤ ሦስተኛዋ የእድራችን ፀሐፊ ስትሆን «ጋሼ፣ ስማቸውን ያስጠቆሙት እርስዎ ነዎት፤ መልስ ይስጡበት እንጂ» የሚል ቃል አክላበታለች። እውነቷን ነው። ከተመሰገኑት መካከል የሁለቱን ስም የጠቆምነው የሰፈራችን ሰዎች ነን፤ በጥቆማውም እኔ ነበርኩበት። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ከገለልተኛ ታዛቢ የመጣ ቃል እንዳልሆነ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ ከቅን ልብም የመነጨ ይመስለኛል። ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ምጽዋት ዋጋ የሚኖረው በስውር ሲደረግ ነው፤ በአደባባይ የተመሰገነ ሰው ዋጋውን በምድር ተቀብሎ ጨርሷል። ለአዳራሽ፣ ለካባና ለዋንጫ የወጣው ገንዘብ ለችግረኞች ቢከፋፈል ይሻል ነበር። በጎ አድራጊን ማወደስ መንግሥት ያልተወጣውን ኃላፊነት መሸፈኛ ሆኗል። መድረኩ የባለሀብቶች ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ የተጠሩት ለማጀቢያ ነው። ሽልማት ከተለመደ ወጣቱ ለሰርተፍኬት እንጂ ለሰው ብሎ አይሠራም። የተረዱ ሰዎችን ፊት በባነር ላይ ማሳየትም ክብራቸውን መድፈር ነው። ጽሑፉ የሚያበቃው «ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ግርግር ማን ምን ተጠቀመ?» በሚል ጥያቄ ነው። ከእነዚህ ነጥቦች አንዱን ሙሉ ለሙሉ እቀበላለሁ፤ በአንዳንዶቹም ከፊል እውነት አያለሁ። የጽሑፉ ዋና ድምዳሜ፣ ማለትም እንዲህ ያለው ምስጋና ጨርሶ መቅረት አለበት የሚለው፣ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጋራው ለሃይማኖታዊው ነጥብ ሲል ስለሚመስለኝ ከእርሱ ልጀምር። ጸሐፊው የጠቀሱት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት ስታደርግ መለከት አታስነፋ፣ ቀኝህ የምትሠራውንም ግራህ አትወቅ ይላል። ይህ ቃል የተነገረው ለማን እንደሆነ እናስተውል። የተነገረው ለሰጪው ነው። ራሱን እንዳያስወድስ የተከለከለው መጽዋቹ ነው እንጂ፣ የተደረገለት ሰው አፉን ይዝጋ የሚል ትእዛዝ በምዕራፉ ውስጥ የለም። በዚያው ወንጌል አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ ሰዎች መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ተብሏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከለምጽ ከነጹት ዐሥር ሰዎች አንዱ ብቻ በታላቅ ድምፅ እያመሰገነ ሲመለስ፣ ወቀሳው ያረፈው ድምፁን ከፍ ባደረገው ላይ ሳይሆን ዝም ብለው በሄዱት ላይ ነው፤ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ተብሎ ተጠይቋልና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ደግሞ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ፣ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ለጴጥሮስ ያሳዩት ነበር። ጣቢታ በራሷ አፍ ምንም አልተናገረችም፤ ስለ እርሷ የመሰከሩት የለበሱት ናቸው።

በእስልምናም ቢሆን ነገሩ ጸሐፊው እንዳሉት አይደለም። የሱረቱል በቀራህ 271ኛ አንቀጽ ምጽዋትን ገልጦ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ደብቆ ለድኾች መስጠት ደግሞ በላጭ መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛውን ያስበልጣል እንጂ የመጀመሪያውን አይኮንንም። ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም የሚለውንም የነቢዩ ሙሐመድ ቃል ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደጋግመው ሲጠቅሱ ሰምቻለሁ። ወደ ራሳችን ቋንቋ ብንመለስ ደግሞ፣ ለተደረገልን ነገር የምንመልሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል ሁለቱንም አስማምቶ የያዘ ነው። ዋጋ መክፈሉን ለፈጣሪ ይተዋል፤ ውለታውን ግን ድምፅ አውጥቶ፣ ባለውለታው እየሰማ ይናገራል። ጸሐፊው ምስጋናን ለሰጪው እንደሚከፈል ደመወዝ አድርገው ስለቆጠሩት ይመስለኛል «ዋጋውን ተቀብሏል» ያሉት። ምስጋና ግን የተቀባዩ ዕዳ ነው። ሰጪው አልፈልግም ቢል እንኳ ዕዳው ከእኛ ትከሻ አይወርድም።

ስለ ወጪው ብዙ አልልም። ካባውና ዋንጫው እንደበዛ እስማማለሁ፤ አንድ ሰው በሐዋሳ ሙቀት ወፍራም ካባ ለብሶ ሁለት ሰዓት መቀመጡ ክብሩን የሚጨምርለት አይመስለኝም፤ ወረቀት ላይ በጥሩ እጅ የተጻፈ ምስክርነት ይበቃ ነበር። የአዘጋጆቹ ሒሳብ በይፋ እንዲለጠፍም ጸሐፊውን ደግፌ እጠይቃለሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የድርጅቶቹ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ገንዘቡ ወደ ተቸገረው ሰው እንዲደርስ ለማስገደድ ነውና፣ በጎነትን የሚያከብር መድረክም ራሱን በዚህ ዓይነት ልጓም ቢገዛ ይገባዋል። ነገር ግን «ይህ ገንዘብ ለድኻ ይሰጥ ነበር» የሚለው ክርክር ያለ ገደብ ከተወሰደ እድራችን ለጡሩንባ ነፊው የሚከፍለውም ገንዘብ ብክነት ሊባል ነው። የጡሩንባው ገንዘብ ለሐዘንተኛው ቤት እንጀራ አይሆንም፤ ጡሩንባው ካልተነፋ ግን ለቀስተኛው አይሰበሰብም፣ ድንኳኑም አይተከልም። ሰውን ለመጥራት የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ከተቸገረው አፍ የተነጠቀ አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ፣ ሌሊትም ያነቃኝ፣ ስለ መንግሥት ኃላፊነት የተነሣው ነጥብ ነው። ጸሐፊው «ሕሙማንን መመገብ የሆስፒታል ሥራ ነው፤ ጧሪ የሌለውን መጦር የማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ነው፤ በጎ አድራጊን ባወደስን ቁጥር ተጠያቂውን ነፃ እንለቃለን» ይላሉ። ግዴታው የማን እንደሆነ በመናገራቸው አልጣላቸውም። ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን የተገላቢጦሽ ነው ብዬ አስባለሁ። ለዚህም በዐይኔ ያየሁትን ልናገር።

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቻቸው ቢፈቅዱም እርሳቸው አይወዱትም ነበር። በየማለዳው ከከተማው ሆስፒታሎች ወደ አንዱ በእግራቸው ሄደው፣ ነርሶቹን «ዛሬ ሰው የሌለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የእኛን አገር ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ታካሚ አልጋ ሲይዝ ምግብ የሚያመጣለት፣ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛለት፣ ለምርመራ ናሙና ይዞ የሚሮጥለት፣ ሌሊት ደግፎ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው አስታማሚው ነው። ሐዋሳ ደግሞ ሕመምተኛ የሚጎርፍባት ከተማ ናት፤ ከሲዳማ ገጠር ብቻ ሳይሆን ከጌዴኦ፣ ከጉጂ፣ ከወላይታና ከምዕራብ አርሲ ይመጣል። ከሩቅ የመጣው ሰው አስታማሚው ገንዘብ ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወይም መጀመሪያውኑ ብቻውን፣ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኝቶ የመጣ ይሆናል። እኚህ እናት ለእንደነዚህ ያሉት ሰዎች በፔርሙስ አጥሚት፣ በሳህን ምሳ ይዘው ይገባሉ፤ ልብሳቸውን ወስደው አጥበው ይመልሳሉ። ይህን ለብዙ ዓመት ሲያደርጉ፣ እኛ አጥር ተጋርተን የምንኖር ሰዎች «ዘመድ ታሞባቸው ነው» ብለን እናስብ ነበር።

ያወቅነው ሲሞቱ ነው። በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ማንነታቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ይገቡ ጀመር። አንድ ጎልማሳ ከቦሬ ተነሥቶ መጣ፤ እግሩ ተቆርጦ ተኝቶ ሳለ ሁለት ወር ያበሉት እርሳቸው መሆናቸውን ቆሞ ሲናገር፣ ከልጆቻቸው አንዷ እንኳ ያን ዕለት ገና መስማቷ ነበር። ሰው ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ እኛም እንዲሁ አደረግን። የሚያሳፍረኝ ግን የምስጋናው መዘግየት ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ነርሶቹ «እኚያ እናት ምነው ጠፉ?» እያሉ ሲጠይቁ፣ ሥራቸውን የሚቀበል ሰው አልነበረም። መድኃኒት በዱቤ የሚሰጣቸው የትኛው መድኃኒት ቤት እንደነበረ፣ ወገን የሌለውን አስከሬን ወደ አገሩ ለመሸኘት የትኛውን ሾፌር ይለምኑ እንደነበረ፣ ምሳውን የሚያበስሉበት እህል ከማን ይመጣ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ይዘውት ሄዱ። ጸሐፊው የሚያወድሱት ስውር በጎነት ለነፍሳቸው መልካም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ሳምንት ዋርድ ውስጥ ለተኙት ሰዎች ግን መልካም አልነበረም።

አሁን ወደ መንግሥት ጥያቄ እንመለስ። የሆስፒታሉ አስተዳደር ስንት ታካሚ ያለ አስታማሚ እንደሚተኛ መቁጠር ያላስፈለገው ለምን ነበር? የእኚህ እናት ድስት ክፍተቱን ሸፍኖት ስለነበረ ነው። የሸፈነውም ማንም ሳያይ ስለሆነ ማንም አልጠየቀም። ኃላፊውን ነፃ የሚለቀው እንዲህ ያለው ዝምታ ነው። እርሳቸውን በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ መድረክ ላይ አቁመን «ምን እያደረጉ ነው? ስንት ሰው ነው ያለ ጠያቂ የሚተኛው?» ብለን ብንጠይቃቸው ኖሮ፣ መልሳቸው በፊት ረድፍ ለተቀመጠ ባለሥልጣን ከማንኛውም የአቤቱታ ደብዳቤ የበለጠ ክስ በሆነ ነበር። ሹማምንት መድረኩን ይዘው ረጅም ንግግር ማድረጋቸውን ጸሐፊው ነቅፈዋል፤ ይህ ነቀፋ ተገቢ ነው። የእነርሱ ቦታ ከአዳማጩ ጋር ነበር። መድረኩ በተሳሳተ ሰው መያዙ ግን መድረክ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ሥራው የታወቀለት ሰውማ ሥራው ከእርሱ በኋላ የመቀጠል ዕድል አለው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ በረሃብ የተመቱ ሕፃናትን ይዘው ሲመለሱ፣ ያገኙት ጭብጨባ አልነበረም፤ ቤታቸውንና ትዳራቸውን እስከማጣት ደርሰዋል። ኋላ ግን ታሪካቸው ተነገረ፣ ተከበሩ፣ ረዳት አገኙ፣ ሥራው ተቋም ሆነ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኮሮና ሲያርፉ፣ ያሳደጓቸው ልጆች ሜዳ ላይ አልተበተኑም። ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ ጀምሮት ዛሬ ብዙ ሺህ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የያዘው መቄዶንያም ቢሆን፣ የሚኖረው ሕዝብ ስላወቀው ነው። በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው የገቢ ማሰባሰቢያ በአገር ውስጥም በውጭም ያለው ሰው የተረባረበው ስሙን በሰማውና ሥራውን በየስክሪኑ ባየው ቤት ላይ ነው።

ስለ ባለሀብቶቹ የተነሣው ነጥብ ከፊል እውነት አለው። በሌላ ጊዜ በተደረገ አንድ ዝግጅት ላይ የወንበሩ አቀማመጥ በስፖንሰርነቱ ገንዘብ ልክ መሆኑን እኔም ታዝቤያለሁ፤ ያን ቀን ቅር ብሎኝ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ሠራተኛውን ከሚገባው በታች እየከፈለ በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት የሚያድል ሰው፣ መጀመሪያ ስለ ደመወዙ መጠየቅ እንዳለበትም አምናለሁ። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ባለሀብት የሆነ ሁሉ ስም ለመግዛት ነው የሚሰጠው» ወደሚለው ሲሻገሩ የብዙ ሰው ስም ያጎድፋሉ። የሰውን ልብ ውስጥ ማየት ለእርሳቸውም ለእኔም አልተሰጠም፤ የምናየው የተሠራውን የመማሪያ ክፍልና የተቆፈረውን ውኃ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ሳያስተውሉት ያለፉት ትልቅ ጉዳይ አለ። ገንዘብ ለሚሰጥ ሰው ሕጉ ራሱ እውቅና ሰጥቶታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ ነጋዴ ሕጋዊ ለሆነ በጎ አድራጎት የሰጠውን ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪነት እንዲያዝለት ፈቅዷል። ጊዜውን፣ ጉልበቱንና እንቅልፉን ለሚሰጥ ሰው ግን እንዲህ ያለ ምንም ነገር የለም። እኛ የጠቆምነው የባጃጅ ሾፌር ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ያለ ክፍያ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ያደርሳል፤ ስልኩ በሰፈሩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። የሚያቃጥለው ቤንዚን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይገኝም፤ ጠዋት እንቅልፉ ሳይወጣለት ሥራ ሲገባ ያጣውን ገቢም ማንም አይቆጥርለትም። ለእንዲህ ያለው ሰው ማኅበረሰቡ ሊሰጠው የሚችለው ብቸኛ ነገር በአደባባይ «አይተንሃል፣ እናውቅሃለን» ማለት ነው። ጸሐፊው ባለሀብቱ እንዳይከበር ብለው መድረኩ ይዘጋ ሲሉ፣ ባለሀብቱ የሚያጣው ነገር የለም፤ ስሙ በሕንፃው ላይ ተጽፏልና። የሚያጣው ባለባጃጁ ነው።

መፍትሔው ምርጫውን ማስተካከል ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ዕጩዎቹን ከሕዝብ በሚመጣ ጥቆማ እንደሚሰበስብና ዳኞች እንደሚመዝኗቸው ብዙዎቻችን እናውቃለን። በሐዋሳም ጥቆማው ከእድሮች፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመስጊዶች፣ ከትምህርት ቤቶችና ከነርሶች ቢመጣ፣ ገንዘብ የሰጠ አካልም በዚያው ዓመት ተሸላሚ እንዳይሆን ቢደረግ፣ የጸሐፊው ስጋት አብዛኛው ይቀረፋል። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ላይ ጉዳይ የሚታየው በግልጽ፣ ሰው እየሰማ መሆኑንና የሚመዘነውም በሐላሌ፣ በእውነት መሆኑን እዚህ ለምንኖር ሰዎች ማስረዳት አያሻም። የምናከብረውን ሰው ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ ልማድ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ያስፈልገናል ብዬ አላስብም።

«ለሰርተፍኬት ነው የሚመጡት» የሚለው ነጥብ ደግሞ በስሜት ብቻ የሚዳኝ አይደለም፤ በተግባር የተፈተነ ጉዳይ ነው። ከጸሐፊው ጎን የሚቆም ማስረጃ መኖሩን በመቀበል ልጀምር። በስዊድን ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ደም ለመለገስ ገንዘብ እንደሚከፈላቸው የተነገራቸው ሴቶች ለመለገስ ያላቸው ፈቃደኝነት ካልተነገራቸው በጉልህ ቀንሶ ተገኝቷል። ገንዘብ በጎነትን ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ስለዚህ ለበጎ ፈቃደኛ ውሎ አበል ማስለመድን እኔም አልደግፍም። ክብር ግን ከገንዘብ የተለየ ነገር ነው። በጣሊያን አገር በአንዲት ከተማ ደም ለጋሾች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት፣ ለጋሾች ሜዳሊያ ወደሚያስገኘው ቁጥር በተቃረቡ መጠን ቶሎ ቶሎ መስጠታቸውን አሳይቷል፤ ይህም የታየው ስማቸው በአካባቢው ጋዜጣ በሚወጣባቸውና በሕዝብ ፊት በሚሰጡት ሽልማቶች ላይ ብቻ ነበር። በዛምቢያ፣ በሉሳካ ከተማ፣ የፀጉር ቤቶች ከኤች አይ ቪ የሚከላከል ኮንዶም እንዲያሰራጩ ሲደረግ፣ ለሸጡት ገንዘብ ከሚከፈላቸው ይልቅ በየሽያጩ ኮከብ የሚለጠፍበት ሰሌዳ በግድግዳቸው ላይ የተሰቀለላቸው በእጥፍ ገደማ አሰራጭተዋል፤ ይህ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሰው ለገንዘብ ያላደረገውን ጎረቤቱ እንዲያውቅለት ሲል አደረገው ማለት ነው።

ይህ ለደም ባንክ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ከረጢት ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ያህል ነው፤ አንድ ለጋሽም ሦስት ወር ሳይሞላው ደግሞ መስጠት የለበትም። ስለዚህ በምጥ ላይ ደም ለፈሰሳት እናት የሚደርሰው አንድ ቀን ልቡ ተነክቶ የሰጠ ሰው ሳይሆን በየሦስት ወሩ የሚመለስ ሰው ነው። እንዲመለስ የሚያደርገው ነገር ምስክር ወረቀትና የሕዝብ ጭብጨባ ከሆነ፣ ይመለስ። ወጣቱ በክረምት የአንዲት አረጋዊት ጣሪያ ሲጠግን ሐሳቡ በሰርተፍኬቱ ላይ ቢሆን እንኳ ቆርቆሮው ዝናብ አያስገባም። በሌላ በኩል፣ ክብር የሰውን ትጋት ያሰንፋል የሚለውን የሚያፈርስ ምሳሌ ከእኛ በስተደቡብ፣ በቅርብ ርቀት አለ። በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ያቋቋሙት የፊስቱላ ሕክምና ይርጋለም ላይ ማዕከል አለው። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሲሰጣቸው ዕድሜያቸው ከ85 አልፎ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ግን ከሥራቸው አልተለዩም።

የተረዱ ሰዎችን ፊት ስለማሳየት የተነሣውን ነጥብ ሙሉ ለሙሉ እቀበላለሁ። በባነሩ ላይ የአንድ ሕፃን ፊት፣ በእጁ የያዘው ደብተር ጭምር፣ በግልጽ ይታይ ነበር። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ምን ይሉታል? እናቱስ ዘይትና ዱቄት ስትቀበል የተነሣችው ፎቶ በየስልኩ ሲዞር ምን ይሰማታል? በየበዓሉ ማዕድ ማጋራት በሚባለው ዝግጅት ላይም ይኸው ይደገማል፤ ሰውየው ከዱቄቱ ጋር ዕፍረቱንም ተሸክሞ ይመለሳል። አዘጋጆቹ በዚህ ጥፋተኞች ናቸው፤ ይቅርታ መጠየቅም ይገባቸዋል። ጸሐፊው ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ እኔም ካጋሩት ሰዎች አንዱ እሆን ነበር። ነገር ግን የሰጪውን ስም መናገርና የተቀባዩን ፊት ማሳየት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ ሁለተኛውን ፈጽሞ ከልክሎ የመጀመሪያውን ማድረግ ይቻላል። የቦሬው ሰው በድንኳኑ ውስጥ የቆመው ማንም አስገድዶት ሳይሆን በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ አፍ ለመናገር ነበር። እንዲህ ያለውን ምስክር ማንም ሊከለክለው አይገባም።

የቀረው «ማን ምን ተጠቀመ?» የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ስለ ሁሉም ተሸላሚ መመለስ አልችልም፤ ስለማውቃት አንዲት ሴት ግን እችላለሁ። እኛ ከጠቆምናቸው ሁለት ሰዎች ሁለተኛዋ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ጎረቤታችን ናት። እኚያ እናት በሞቱ ጊዜ በሐዘኑ ድንኳን የተነገረውን ሰምታ፣ ከአርባቸው በኋላ ማንም ሳይነግራት ወደ ሆስፒታሉ መሄድ ጀመረች። አቅሟ የቻለው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፤ የጋገረችውን ሸጣ በሚተርፋት ገንዘብ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ምሳ ትወስድ ነበር። መድረክ ላይ ለመውጣት እምቢ ብላ ሴት ልጇ በስንት ልመና አሳመነቻት። ማይክ ሲሰጣት የሟቿን እናት ስም ጠርታ «ይህ የእርሳቸው ነው፤ እኔ ተረክቤ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም።

በሚቀጥለው ሰኞ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ቤቷን ጠይቆ መጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሰምቷት ኖሯል። ለሟቿ እናት በዱቤ ይሰጡ የነበሩት አባቱ መሆናቸውን የነገራትም ያን ዕለት ነው። በሳምንቱ ሁለት የነርስ ተማሪዎችና ጡረታ የወጣ አንድ አናጢ ተጨመሩ፤ እድራችንም ትልልቅ ድስቶቹን ለቅሶ በማይኖርባቸው ቀኖች እንዲወስዱ ፈቀደ። አሁን የሚሄዱት በየቀኑ ነው። ነርሶቹም ያለ አስታማሚ የተኙትን ሰዎች የአልጋ ቁጥር ጠዋት ጠዋት በወረቀት ጽፈው ይሰጧቸዋል፤ የወረቀቶቹን ቅጂ የምትይዘው የእድራችን ፀሐፊ ስትሆን፣ ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ ለማቅረብ የወሩን ማለቂያ እየጠበቀች ነው። ያለፈው ሐሙስ ወረቀት ላይ ሰባት አልጋ ተጽፎ ነበር። ለሰባቱም ምሳ ደርሷል።